የዶሮ ክንፍ ሹመት

በአሜሪካ የምግብ ገበያ ውስጥ የዶሮ ክንፍ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የነበረው ማዕረግ ከአንገትና ከጀርባ የማይበልጥ ሲሆን፣ ደረትና ጭን በክብር ወደ ገበታ ሲወጡ እርሱ ወደ መረቅ ድስት ይወርድ፣ ጣዕሙን ለሌሎች ካካፈለ በኋላም አጥንቱ ይጣል ነበር። ይህን የማዕረግ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ አሥራ ሁለት ሆና የተበለተችው የበዓል ዶሮ ገና ድስት ውስጥ ሳለች ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ፣ መላላጫው ለማን እንደሚደርስ በቤቱ ሁሉ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ስለ ክንፍ ግን ክርክር ተነሥቶ ሽማግሌ የተቀመጠበት ቤት ቢፈለግ መገኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ በዛሬዪቱ አሜሪካ የክንፍ ዋጋ ከደረት ሥጋ ዋጋ በልጦ የሚገኝባቸው ወራት መኖራቸው እንደ ታላቅ የሥልጣን ሽግግር ሊቆጠር ይገባል፤ ደም ያልፈሰሰበት ሽግግር ነው ለማለት ግን አስቀድሞ ዶሮዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሽግግሩ ስፍራ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኘው፣ በክረምት በረዶዋ የምትታወቀው የቡፋሎ ከተማ ስትሆን፣ ዓመቱ 1964፣ ቤቱም ፍራንክና ቴሬሳ ቤሊሲሞ የተባሉ ባልና ሚስት ያስተዳድሩት የነበረው አንከር ባር የተሰኘ መጠጥና ምግብ ቤት እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ክንፉን ለሁለት ከፍላ በዘይት የጠበሰችውና በሚያቃጥል ሶስ ያሸችው ቴሬሳ መሆኗን ቤተሰቡ በሙሉ ይቀበላል፤ ምን አነሣሥቷት እንዳደረገችው ግን አባትና ልጅ እንኳ አልተስማሙም። ጸሐፊው ካልቪን ትሪሊን በ1980 በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ እንደዘገበው፣ አባትየው ነገሩን ከዕቃ አቅራቢ ስሕተት ጋር ያያይዘዋል፤ ለስፓጌቲ ሱጎ የሚሆን አንገትና ጀርባ ታዝዞ ሳለ ክንፍ መጣ፣ የመጣውንም ክንፍ ወደ ሱጎ ከመክተት የተሻለ መላ መፈለግ ግድ ሆነ። ልጁ ዶሚኒክ ደግሞ ጊዜው ዓርብ ሌሊት እንደነበር፣ ከደንበኞቹ አብዛኞቹም ካቶሊኮች በመሆናቸው በዕለተ ዓርብ ሥጋ የማይቀምሱ ስለነበሩ፣ እኩለ ሌሊት አልፎ ቅዳሜ ሲገባ የሚቀርብላቸው አንድ ነገር እንዲሠራ መፈለጉን ይናገራል። የፋሲካን ሌሊት ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል ያነጋ ሰው ሁለተኛውን ትረካ ለማመን ምንም ማስረጃ እንደማይጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ከሁለቱም ትረካዎች ውጭ የቆመ ሦስተኛ ባለ ጉዳይም አለ። ጆን ያንግ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የምግብ ቤት ባለቤት በዚያችው ከተማ፣ በዚያው በ1960ዎቹ፣ ሙሉውን ክንፍ ሳይከፍል ዱቄት አልብሶና ጠብሶ፣ ማምቦ ከሚባል ሶስ ጋር ይሸጥ ነበር፤ ትሪሊንም ይህን ሰው አግኝቶ ሲያነጋግረው የክንፍ እውነተኛ ፈጣሪ እርሱ ራሱ እንደሆነ ያላንዳች ማመንታት ነግሮታል። ከተማዪቱ ግን ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ መታገሥ አልፈለገችም፤ በ1977 ጁላይ 29ን የዶሮ ክንፍ ቀን ብላ አወጀች፤ ጻድቃንና ሰማዕታት ለሚጨናነቁበት የቀን መቁጠሪያ ይህ ቀላል ሹመት አይደለም።

ሹመቱ በመላ አገሪቱ የጸናው ግን በሱፐር ቦውል አማካይነት ነው። ሱፐር ቦውል የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የዓመቱ ፍጻሜ ግጥሚያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በጃንዋሪ 15 ቀን 1967 በሎስ አንጀለስ ተካሂዶ፣ በአሁኑ ጊዜ በፌብሩዋሪ ወር ሁለተኛ እሑድ ይውላል። በሰዓት 60 ደቂቃ ብቻ የሚቆጠረው ይህ ጨዋታ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅበት ምክንያት ኳሱ ለጥቂት ሰከንድ ተንቀሳቅሶ ወዲያው ስለሚቆም፣ ተጫዋቾቹም እንደገና ለመሰለፍ እስከ 40 ሰከንድ ስለሚፈቀድላቸው፣ በመካከሉም ማስታወቂያ ስለሚገባበት ነው፤ አርባ ሰከንድ ደግሞ አንዲት ክንፍ ለመጋጥ የሚበቃ፣ ወሬ ለመጀመር ግን የማይበቃ ጊዜ መሆኑ ክንፍ ለዚህ ጨዋታ ለምን እንደተመረጠ ከብዙ ትንታኔ በተሻለ ያስረዳል። የአሜሪካ የዶሮ አምራቾች ማኅበር በየዓመቱ እንደሚገምተው በሱፐር ቦውል ሰሞን ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ክንፍ ይበላል፤ ግምቱ የዶሮ ሻጮች መሆኑን ልብ ማለት ቢያስፈልግም፣ በዕለቱ የማንኛውንም ቤት የቆሻሻ ቅርጫት የተመለከተ ሰው ቁጥሩን ለመቃወም ድፍረት ያጣል። ክንፍን ለዚህ ክብር ያበቃችው ቡፋሎ ራሷ ከ1991 እስከ 1994 ቡድኗን ለአራት ተከታታይ ዓመታት ወደ ፍጻሜው ልካ አራቱንም ጊዜ ተሸንፋለች፤ እስከ ዛሬም ዋንጫውን አንሥታ አታውቅም፤ በየዓመቱ የሌሎችን ድል የምታበላ ከተማ ሆና ቀርታለች።

የቴሬሳ ክንፍ በፈላ ዘይት የተጠበሰ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ በመኖሪያ ቤት እንግዳ ለሚያስተናግድ ሰው ኦቨን ይመረጣል፤ ይህም ለጤና ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ዘይት የሚያፈላ ሰው ጨዋታውን ከወጥ ቤት ሆኖ በሌሎች ጩኸት እየገመተ የሚከታተል በመሆኑ ነው። አንድ ክንፍ ሦስት ክፍል አለው፦ ከትከሻ በኩል ያለው አንድ አጥንት የያዘና ትንሽ ቅልጥም የሚመስል፣ መካከለኛው ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ጎን ለጎን የተኙበት ጠፍጣፋ፣ መጨረሻውም በአብዛኛው ቆዳና ልም አጥንት የሆነው ጫፍ ናቸው። መገጣጠሚያው በጣት ከተዳሰሰ ቢላዋው ያለ ግፊት ያልፋል፤ ግፊት የጠየቀ እንደሆነ አጥንት ላይ ስለተጫነ ቦታውን ቀየር ማድረግ ይገባል። ጫፉ አይጣልም፤ ቀድሞ ሙሉው ክንፍ ወደሚሄድበት ወደ መረቅ ድስት ይሄዳል፤ በየትኛውም ሽግግር ሳይሾም የሚቀር ወገን አይጠፋምና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የቆዳ ጉዳይ ሲሆን፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወጥ ቤቶች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ቆዳውን ገፍፎ ይጥላል፤ ክንፍ የሚጠብስ ሰው ግን ከቆዳው በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሀብት የለውም፤ ምክንያቱም የክንፍ ጥቅሙ ሥጋው ሳይሆን ሥጋውን የሸፈነው፣ ስቡ ቀልጦ ሲያልቅ ኩርሽም የሚለው ቆዳ ነው። የዚህ ቆዳ ጠላት ውኃ ነው፤ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላና ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የቆዳውን ሙቀት በዚያው አካባቢ አስሮ ስለሚይዝ፣ ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ የሚሰጠው ለውጥ ደግሞ በደንብ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ስለሆነ፣ እርጥብ ሆኖ ኦቨን የገባ ክንፍ ሲበስል እንጂ ሲጠበስ አይታይም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚገኙ ኢትዮጵያውያን ቤቶች ነገሩን የሚያወሳስበው የእጥበት ጥያቄ ነው፤ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ጥሬ ዶሮ ቢታጠብ ተሕዋስያኑ በፍንጣቂው ወደ ማጠቢያውና ወደ አካባቢው ዕቃ ስለሚዛመቱ እንዳይታጠብ የሚመክር ሲሆን፣ እናቶች በበኩላቸው በሎሚና በጨው ተፈትጎ ውኃው ኩልል እስኪል ያልታጠበ ዶሮ ወደ ድስት ቢገባ የሚያፍሩት ከሚኒስቴሩ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ልጅ የመንግሥትን ምክር በስልኩ አውጥቶ ሲያሳይ «ይሄን የጻፈው ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» የሚል መልስ ሊገጥመው ይችላል። በሳይንሱ በኩል ሚኒስቴሩ ትክክል መሆኑ አያከራክርም፤ የዘመናት ልማድ ግን በመመሪያ ስለማይሻር፣ ያጠበ ሰው ቢያንስ ማጠቢያውን በሳሙና እንዲፈትግና እያንዳንዱን ክንፍ በወረቀት ፎጣ እስከ መጨረሻው እንዲያደርቅ መምከር ይበጃል።

ማድረቁን የሚያግዘው ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ ይህም ኬክ ለማስነሣት የሚያገለግል፣ ከቤኪንግ ሶዳና ከደረቅ አሲድ የተቀመመ ዱቄት ነው። ለ2 ኪሎ ክንፍ 4 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ያንኑ ያህል ደቃቅ ያልሆነ ጨው ተቀላቅሎ በስሱ ሲነሰነስበት፣ ጨው እርጥበቱን ወደ ውጭ ይስባል፤ ዱቄቱ የቆዳውን አሲድነት ስለሚቀንስ ቡናማነቱ ይፋጠናል፤ ከቆዳው እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚፈጥራቸው ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎችም ቆዳውን ሸካራና ተሰባሪ ያደርጉታል። ሶዳውን በፓውደሩ ምትክ ያደረገ ሰው ግን ሳሙና ሳሙና የሚል ክንፍ አቅርቦ እንግዶቹ በትሕትና ውኃ ሲጠይቁ ያያል። ዱቄት የለበሰው ክንፍ በሽቦ ፍርግርግ ላይ ተደርድሮ፣ ሳይከደን፣ በፍሪጅ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ማደር አለበት፤ የፍሪጅ አየር ደረቅ በመሆኑ ቆዳው ሌሊቱን እንደ ብራና ይወጠራል። በዚህ ሌሊት ፍሪጁን ለውኃ የከፈተ የቤተሰብ አባል በርካታ ገላጣ ክንፎች ሲያፈጡበት የሚያሰማው ድምፅ የአሠራሩ አካል ተደርጎ ይወሰድ።

በማግስቱ ኦቨኑ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከጋለ በኋላ ክንፉ ከነፍርግርጉ ይገባል፤ ከሥሩ ስቡን የሚቀበል ፎይል የለበሰ ትሪ ይደረግለታል፤ በ20 ደቂቃ ይገለበጥና ሌላ 20 ወይም 25 ደቂቃ ይቆያል። የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ለጤና አስተማማኝ ይሆናል ቢባልም፣ ክንፍ ጅማት ስለሚበዛበትና ጅማቱ ቀልጦ የሚለሰልሰው ከዚያ በላይ ባለ ሙቀት ስለሆነ፣ ደረትን የሚያደርቀው ሙቀት ክንፍን ያሳምረዋል። በመከራ መለሳለስ ከደረት ይልቅ ክንፍ የተሰጠው ጸጋ ይመስላል።

ሶሱን በተመለከተ፣ የቡፋሎው ሥርዓት እጅግ አጭር ነው፦ ከካየን በርበሬ፣ ከሆምጣጤና ከጨው የተሠራ የሚያቃጥል ሶስ ከቀለጠ የገበታ ቅቤ ጋር በተቀራራቢ መጠን ይመታና ክንፉ ከኦቨን እንደወጣ ይታሽበታል፤ ቀድሞ የታሸ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ የደረቀው ቆዳ በአምስት ደቂቃ ይልመሰመሳል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ሥርዓት በአዋዜ ወይም በሚጥሚጣ ማሻሻላቸው የሚጠበቅ ሲሆን፣ አንዳንዶች ግን በንጥር ቅቤ ሲሞክሩት ሶሱ ለሁለት እየተከፈለ ያስቸግራቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የገበታ ቅቤ በውስጡ ውኃና የወተት ፕሮቲን ስላለው ስቡንና ሆምጣጤውን ያስታርቃል፣ ንጥር ቅቤ ግን ሲነጠር አስታራቂዎቹ ስለወጡለት ከሆምጣጤው ላይ ተንሳፍፎ ዘይቱን ብቻ ለክንፉ ያወርሳል። ስለዚህ ግማሹን የገበታ ቅቤ፣ ግማሹን ንጥር ማድረግ ሽታውንም ሰላሙንም ይጠብቃል። ማቃጠሉን የሚያመጣው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር በነርቭ ጫፍ ላይ ያለውን ሙቀት ጠቋሚ ተቀባይ በመቀስቀስ አፍ በእውነት የተቃጠለ እንዲመስለው ያደርጋል፤ ዴቪድ ጁሊየስ የ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆነውም ይህን ተቀባይ በማግኘቱ ነው። የወፎች ተቀባይ ለካፕሳይሲን ደንታ ስለሌለው በርበሬ ፍሬውን እያበላ ዘሩን በእነርሱ ያስበትናል፤ ዶሮም ወፍ ናትና ሚጥሚጣ ቢሰጣት ያለ ችግር ትለቅመዋለች፤ በገበታው ዙሪያ እንባው የሚወርደው በላተኛው ብቻ ነው። ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ ለዚህ እንባ ቢራም ውኃም አይበጅም፤ የቡፋሎ ሰዎች ከክንፉ ጎን ሰለሪ የተባለውን ቅጠላ ቅጠልና ሆን ተብሎ ሻጋታ ከተዘራበት አይብ የተሠራ ማጥቀሻ የሚያቀርቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሻጋታው ለሚያስፈራው ሰው እርጎም ሥራውን ይሠራል።

ክንፍ ከጾም ጋር ያለው ዝምድና በአንከር ባር ብቻ አላበቃም። በ2025 ሱፐር ቦውል የዋለው በፌብሩዋሪ 9፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እሑድ የካቲት 2 ቀን 2017 ሲሆን፣ በማግስቱ ሰኞ ደግሞ ጾመ ነነዌ፣ ማለትም የነነዌ ሰዎች የነቢዩ ዮናስን ቃል ሰምተው የጾሙትን የሚያስታውሰው የሦስት ቀን ጾም፣ ይገባ ነበር። ጨዋታው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የሚጀምረው በአገሩ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነና ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ ለእኩለ ሌሊት የሚቀረው ጊዜ በጣም ሰፊ አልነበረም፤ ተጨማሪ ሰዓት እስከዚያ የታየው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 እና በ2024 ብቻ ቢሆንም፣ ከቀደመው ዓመት የቀረው ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ22 በመርታቷ ሥጋቱ በጊዜ ተወገደ። የተረፈው ክንፍ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ የበሰለ ዶሮ በፍሪጅ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ቀን ሲሆን ጾሙ የሚፈታው ከረቡዕ በኋላ ነውና፣ ሐሙስ ዕለት ፍሪጁን የከፈተ ሰው በሃይማኖትና በጤና ጥበቃ መካከል ባለች ቀጭን መስመር ላይ ቆሟል ማለት ይቻላል።

የሱፐር ቦውል ስብስብ ሥርዓት ከበዓል ገበታ ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር መሪር ለውጥ ይታይበታል። ክንፍ ሁሉ እኩል ስለሆነ ለጋሼ የሚወጣ፣ ለሙሽራ የሚቀመጥ ድርሻ የለም፤ በመሆኑም በገበታ ዙሪያ ዕድሜና ማዕረግ የሚገለጥበት መንገድ ሁሉ ተዘግቶ፣ የሚቀድመው እጁ የቀደመ ነው። ጉርሻም ዋጋ ያጣል፤ «በሞቴ» ተብሎ የቀረበን ክንፍ ከነአጥንቱ መቀበል ለጎራሹም ለአጉራሹም አደገኛ ስለሆነ፣ አክብሮቱ ሥጋውን ከአጥንት ነጥሎ ማጉረስን ይጠይቃል፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ጎል የሚመስለው ነገር ሁሉ ያመልጣል። ገበያው ለዚህ ችግር ያቀረበው መፍትሔ አጥንት አልባ ክንፍ የሚባለው ሲሆን፣ እርሱም ዱቄት ለብሶ የተጠበሰ፣ በክንፍ ስም የሚሸጥ የደረት ሥጋ ነው፤ የቀድሞው ባለ ማዕረግ በሎሌው ስም ካልተጠራ ገዢ የማያገኝበት ዘመን መጣ ማለት ነው። በኦሃዮ አንድ ተመጋቢ ከዚህ ምግብ ውስጥ በወጣ አጥንት ጉሮሮው ተጎድቶ ክስ ቢመሠርት፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 በ4 ለ3 ድምፅ «አጥንት አልባ» የሚለው ቃል የአሠራር ስልትን እንጂ አጥንት ላለመኖሩ ዋስትናን የሚያመለክት አይደለም ሲል ወስኗል። የሦስቱ ዳኞች ተቃውሞ ለጤናማ አእምሮ ይበልጥ የቀረበ ይመስላል።

እውነተኛው ክንፍ በአንጻሩ አጥንቱን አይክድም፤ ክርክሩ የሚነሣው ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ማን ስንት እንደበላ ከየሳህኑ አጥንት ሲቆጠር ነው። ቅልጥም መሰሉ አንድ፣ ጠፍጣፋው ሁለት አጥንት ስለሚተው፣ ጠፍጣፋውን የሚመርጥ ሰው ከጎኑ ካለው እኩል በልቶ እጥፍ ይፈረድበታል። ስለዚህ ቆጣሪው አጥንቶቹን በቀጭንና በወፍራም ለይቶ፣ ቀጭኖቹን ለሁለት አካፍሎ ከወፍራሞቹ ጋር መደመር ይኖርበታል፤ ይህም የሚሠራው ከተመጋቢዎቹ መካከል አጥንቱን አድቅቆ የሚውጥ ከሌለ ብቻ ነው።